ለድልድዩ የተጣለ ድንኳን

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና፣ እንጅባራ

ለእኅቴ ልጅ ለሰርክአዲስ፣ ላይፕዚግ

ልጄ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ? እኔ፣ ሙሉነሽና ፈረሷ ደህና ነን፤ ጊዮርጊስ ይመስገን። ከሦስታችን ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእናትሽን የሸጋን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አንቺንም በሄድሽበት መወደድን ይስጥሽ፤ አሜን በይ።

በወረቀት የምጽፍልሽ በስልክ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ስንባባል ካርዱ ስለሚያልቅ ነው። ኢንተርኔቱም አንድ ቀን ይመጣና ሳምንት ይጠፋል። ግምጃ ቤት ከተማ ያለው ነጋዴው ዳውድ ደብዳቤዬን አዲስ አበባ ለሚኖረው ለወንድሙ ልጅ ይልክልኛል፤ እሱ ፖስታ ቤት ያገባዋል። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ እስኪከፈት ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል።

ጉዳዬ ይኸውልሽ። ግምጃ ቤት ገበያ ስንወርድ የምንሻገረውን ወንዝ መቼም አትረሽውም። ሕዝቡ ድንጋይ ፈልጦ፣ አሸዋ በጋሪ አመላልሶ፣ ግንበኛ ቀጥሮ የድልድዩን ሁለት እግሮች ከወዲህና ከወዲያ አቁሟል። የቀረው ጀርባው ነው። ለጀርባው ገንዘብ አለ ይሉናል፤ ላም አለኝ በሰማይ። ከፌዴራል መንግሥት ለገጠር መንገድ የተመደበ አለ፤ እሱ የሚለቀቀው ክልሉ የራሱን ድርሻ ሲያስገባ ነው። ክልሉ የሚያስገባው ደግሞ ሕዝቡ ድርሻውን ሲጨርስ ነው። ወረዳውን ስጠይቅ ዞኑን ጠይቅ ይለኛል፤ ዞኑ ባሕር ዳር ይለኛል፤ ባሕር ዳር ደርሶ የመጣውን ስጠይቅ አዲስ አበባ ይለኛል። ዞናችን የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ምክር ቤቱ አዳራሽ አለው፤ አዳራሹም ወንበር ሞልቶታል። በጀቱ ግን ደመወዝ ከፍሎ ለሻማ አይተርፍም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። እስከዚያ የሕዝቡን ድርሻ ካልሞላን የፌዴራሉ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ሕዝቡ የቻለውን አድርጓል፤ የጎደለውን እዚያ ያላችሁ የአገር ልጆች ተረዳድታችሁ ብትሞሉልን ብዬ ነው። አንቺ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል።

አጎትሽ ውቤ


ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላይፕዚግ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለአያ ውቤ

ሰላምታዬ እርስዎንና እትዬ ሙሉነሽን ባሉበት ይድረስልኝ። ፈረሷንም አንገቷን ይሹልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ተናደድኩ፤ በእርስዎ ግን አይደለም። አያ ውቤ፣ ሰው ግብር የሚከፍለው ለምንድን ነው? እርስዎ የመሬቱን ይከፍላሉ፣ ዳውድ የሱቁን ይከፍላል። ከዚያ ድንጋዩም ከእናንተ፣ አሸዋውም ከእናንተ፣ የጎደለውም ከስደተኛ ልጅ ኪስ። እኛ በሞላንላቸው ቁጥር አለመሥራትን እያስተማርናቸው ነው። ለትምህርት ቤቱ አጥር ያዋጣነውን ያስታውሳሉ አይደል? አጥሩን እስከ ዛሬ ያየሁት በፎቶ ነው። እዚህ ያሉትን ልጆች ሳናግራቸው መንግሥት ይጀምርና እንሞላለን አሉኝ። ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ እኔም ያልኩት ያንኑ ነው።

እዚህም ቢሆን ሰላም የለም። የፌዴራሉ መንግሥት የሦስት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር፤ በበጀት ተጣሉና ተበተኑ። የቀሩት በምክር ቤቱ ውስጥ ከግማሽ በታች ድምፅ ስላላቸው አናሳ መንግሥት ይባላሉ። የዚህ ዓመት በጀት ሳይጸድቅ ምርጫ እየተጠበቀ ነው። የእኔ ክልል ደግሞ ከፌዴራሉ አይሻልም፤ ገዢዎቹ ድምፃቸው ስለማይሞላ በጀት ለማሳለፍ ተቃዋሚን ደጅ ይጠናሉ፤ ተቃዋሚው ደግሞ መለመኑን ወዶታል።

የእኔ ሥራ፣ እንደነገርኩዎት፣ ቋንቋ ያልለመዱ ሴቶችን ሐኪም ቤትና መሥሪያ ቤት ይዤ እየሄድኩ ማስተርጎም ነው። የማኅበራችንን ወጪ ግማሹን ፌዴራል፣ ግማሹን ክልል ይከፍላል። ፌዴራሉ ክልሉ ካልከፈለ አልከፍልም ይላል፤ ክልሉ በጀቴ አልጸደቀም ይላል። ውሌን በየሦስት ወሩ ነው የሚያድሱልኝ። ነገዬን ሳላውቅ ለድልድይ ቃል መግባት ከበደኝ።

ደግሞስ፣ ይቅርታዎን፣ ዕድሜዎን ሙሉ ያለ ድልድይ ኖረው አሁን ምን አስቸኮለዎት?

የእኅትዎ ልጅ ሰርክአዲስ


የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና

ለልጄ ለሰርክአዲስ

እንዴት ሰነበትሽ? የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ለሙሉነሽ አነበብኩላት። ስለ ጀርመኖቹ በጀት ስደርስ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «እዚያም?» አለች። እንደኛው በር ላይ ቆመው አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም እየተባባሉ መሆናቸውን ሳውቅ ተጽናናሁ ብልሽ እዋሻለሁ። ይበልጥ ነው የተናደድኩት። እነሱ ካልቻሉበት እኛን ማን ሊያስተምረን ነው? እኛ ወንፈል ስንገባ ማን ይቅደም ብለን ሸንጎ አንቀመጥም። ቀድሞ የደረሰው ማሳ ቀድሞ ይታጨዳል፤ ባለማሳውም በተራው የጎረቤቱን ያጭዳል። ይህን ለመሪዎችሽ ንገሪልኝ።

በግብሩ ነገር ልክ ነሽ። ልክ መሆን ግን ወንዝ አያሻግርም።

ጥር 23 በፈረሰኞቹ በዓል ፈረሷን ሸልሜ እንጅባራ ወርጄ ነበር። ከዞን አንድ ባለሥልጣን፣ በጋብቻም የሚዛመደን፣ አንገቷን እየደባበሰ «ምን የመሰለች ናት» አለኝ። «ድልድዩስ?» አልኩት። «አያ ውቤ፣ ዛሬ እንኳ በበዓል ቀን?» አለኝ። ታዲያ በየትኛው ቀን ልጠይቀው? በሥራ ቀን ስሄድ ስብሰባ ላይ ነው።

ዳውድ ሲሚንቶ ሰጥቶናል፤ እኔ ሳልጠይቀው ነው የሰጠን። መጋዘኑ ውስጥ እርጥበት እየገባው ጥግ ያሉት ከረጢቶች ድንጋይ ሆነዋል። እግሩ ቆሞ፣ ሲሚንቶው ደርቆ፣ ገንዘቡ ተመልሶ፤ እንግዲህ ክረምቱ ሲመጣ ወንዙ ብቻ ሥራውን በሰዓቱ ይጀምራል።

ምን አስቸኮለህ ላልሽው፣ ያለፈውን ነሐሴ አንቺ አላየሽውም። ሙሉነሽ ከዚህ በላይ አትጻፍ ብላኛለች።

አጎትሽ ውቤ


ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላይፕዚግ

ለአያ ውቤ

የትንሣኤው ደስታ ከቤትዎ አይራቅ። ምላሼ የዘገየው ደብዳቤዎ ራሱ ዘግይቶ ስለደረሰኝ ነው፤ ደግሞም የምነግርዎት ደህና ነገር እስካገኝ ስጠብቅ ነበር። አላገኘሁም።

ነሐሴ ምን ሆነ? ነሐሴ እናቴ ያረፈችበት ወር ነው። በማግሥቱ በክብር ተቀበረች ብለው ነግረውኛል። ሌላ ነገር ካለ ይጻፉልኝ፤ ግማሽ ነገር ከመስማት ምንም አለመስማት ይሻላል።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ያን ጊዜ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ መምጣት አልቻልኩም፤ እሳቱ እስካሁን አልበረደልኝም። አሁን ወረቀቱ አልቋል። ለዓመቷ ነሐሴ ለመምጣት ትኬት መግዣ እያጠራቀምኩ ነው። ለድልድዩ ያልላክሁት በግብሩ ነገር ብቻ አይደለም፤ ለዚህም ነው። አንድ ሺህ ነገር ከሚጠይቁኝ አንዱን እንኳ ለእናቴ ላድርግ።

በሥራዬ በኩል ደግሞ ምርጫው አልቆ አዲስ መንግሥት ሊገባ ቢሆንም በጀቱ ገና ነው። የክልሉም እንዲሁ። ስለዚህ እኛና መሰል ማኅበራት ተሰብስበን ጥቁር ለበስን፣ ከጣውላ የሬሳ ሣጥን አሠራን፣ ተሸክመነው የክልሉ ምክር ቤት ደጅ ሄድን። የቀብር ሰልፍ መሆኑ ነው፤ ሟቹ ሥራችን ነው። ፖሊስ መጥቶ ፈቃዳችንን አየ፤ ልክ ነው ብሎ መለሰልን። ጋዜጠኛ ፎቶ አነሳን። ከምክር ቤቱ ግን አንድም ሰው ወደ እኛ አልወጣም፤ በሌላው በር ወጥተው ምሳ ሄዱ። እዚህ አገር ለቅሶ ላይ ሳይጠሩት የሚመጣ የለም አያ ውቤ። ሣጥኑን መልሰን ስንሸከም እኔ ብቻዬን የምር አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ በጣም ደንግጠው መሐረብ ሰጡኝ።

ሰርክአዲስ


ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና

ለሰርክአዲስ

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ይህችን አጭር አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ሥራ አለብኝ።

የሣጥኑን ነገር ወድጄዋለሁ። ጀርመኖቹ ያጡት ለቅሶ ደራሽ ነው። እኛ ዘንድ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ለቅሶ ደራሽ አይጠፋም። የታመመ ሳይጠይቅ የሚቀር ባለሥልጣን አውቃለሁ፤ ለቅሶ የሚቀር ግን አላውቅም፤ ቀርቶ በማን ፊት ይቆማል? ስለዚህ ግቢዬ ድንኳን ልጥል ነው። ሟቹ ድልድዩ ነው፤ እግር ኖሮት ጀርባ ሳያወጣ የሞተ።

ሙሉነሽ በቁም ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው ብላ ተቆጥታለች። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» እያለች በጓሮ ስትዞር ትውላለች። የንስሐ አባቴም እኔ የለሁበትም ብለዋል፤ ድንኳኑን ግን ከሰንበቴው ላውስህ አሉኝ።

የነሐሴውን ነገር ጀርባው ሲቆም እጽፍልሻለሁ።

ውቤ


ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላይፕዚግ

ለእትዬ ሙሉነሽ

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ዳንግላ ያለው የአክስቴ ልጅ እንዳልካቸው ደወለልኝ። በሚኒባስ ሲያልፍ ግቢያችሁ ድንኳን ተጥሎ፣ ሕዝብ ሲላቀስ፣ ፈረሷም ተሸልማ ያለ ጋላቢ ስትጎተት አየ። ሾፌሩ አላቆምም አለው። «አያ ውቤን አጣናቸው፣ ፈረሳቸው ባዶዋን ናት» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ላገኝ አልቻልኩም፤ የሁሉም ስልክ ዝግ ነው።

መጨረሻ የጻፍኩላቸው ስለ በጀት ነበር። ስለ በጀት፣ እትዬ። ምን አስቸኮለዎት ብያቸው ነበር።

እናቴንም አልቀበርኩ፣ አያ ውቤንም አልቀበርኩ። ለነሐሴ ልመጣ ለትኬት ያጠራቀምኩት ነበረኝ። አሁን መጥቼ ማንን አያለሁ ብዬ በዳውድ በኩል በባንክ ልኬዋለሁ፤ ለአርባቸው ይሁን። በደንብ ይደገስላቸው፤ ፈረሰኞቹ ሁሉ ይጠሩ። ሥራዬም በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ክልሉ ለእኛ ማኅበር የሚሆን አልተረፈውም። ይህ ግን አያሳስብዎት።

የሐዘንዎ ተካፋይ ሰርክአዲስ


ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዘንገና

ለልጄ ለሰርክአዲስ

አልሞትኩም። ጤናዬም ከወትሮው ይሻላል፤ አንጀቴ ግን በሳቅና በንዴት መሐል ሊበጠስ ነው። የዳውድ ወንድም ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ መኖሬን እንደነገረሽ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ስድብ አወረደችብዎት አለኝ። ስድቡን ተቀብያለሁ። ለሙሉነሽ የጻፍሽው ደብዳቤ የደረሰው ትናንት ነው፤ እኔው ራሴ አነበብኩላት። የራሱን መርዶ ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

ጥፋቱ የፈረሷ ነው፤ ማለት የእኔ። ለቅሶው ለቅሶ እንዲመስል ብዬ ሸልሜ ያለ ጋላቢ አስጎተትኳት። ባዶ ኮርቻ ያየ የአዊ ሰው ምን እንደሚያስብ ማወቅ ነበረብኝ። እንዳልካቸው በማግሥቱ ከል ለብሶ እያለቀሰ መጣ፤ በር ላይ እኔ ተቀበልኩት። ሳይመታኝ የቀረው ሽማግሌ ስለሆንኩ ብቻ ነው። የስልክ መስመሩ በዚያው ቀን ስለጠፋ ደውሎ ማስተባበል አልቻለም። ድንኳን ልጥል ነው ያልኩበት ደብዳቤዬም መንገድ ተዘግቶ ዳውድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ።

ድንኳኑን በሙሉ ልንገርሽ። አሸናፊ፣ የቀበሌያችን ጥሩምባ ነፊ፣ በግምጃ ቤት ገበያ ቀን ነፍቶ «አያ ውቤ ግቢ ለቅሶ አለ» አለ። ውሸት የለበትም። ወረዳው መጣ። ያ የዞኑ ዘመዳችን መጣ። ከባሕር ዳር ለስብሰባ እንጅባራ የመጣ የክልል ሰውም ነበር፤ ዞኑ ሊቀር ሲያፍር እሱንም አስከትሎት መጣ። ሦስቱን አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው። አጠገባቸው ለፌዴራሉ ባዶ ወንበር አኖርን፤ እሱን እስከ ዛሬ ያየው ሰው የለም።

ንፍሮው ዞሮ እጃቸው ሲገባ ዞኑ ጎንበስ ብሎ «ማን ነው ያረፈው?» አለኝ።

«የእናንተው ነው» አልኩት። «እግሩን እኛ ሠርተን፣ ጀርባውን ለእናንተ ብለን የተውነው።»

ወረዳው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ዞኑ ፊቱ ጠቆረ፤ ሊነሣ አሰበና የያዘውን ንፍሮ አየ። ንፍሮ ጨብጦ ለቅሶ ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። «በሐዘን ይቀለዳል አያ ውቤ?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ነገሩ እዚያው ላይ ሊበላሽ ነበር።

ያን ጊዜ የዳውድ ሚስት ሰውዳ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። እንዳትናገር ሙሉነሽ ነጠላዋን ጎተተቻት፤ አልሰማቻትም። የነሐሴውን ነገር በሁሉም ፊት ተናገረችው። አሁን አንቺም ከእኔ ስሚው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው።

እናትሽ ግምጃ ቤት ጤና ጣቢያ አረፈች። በቃሬዛ ተሸክመን ወንዙ ዳር ስንደርስ ወንዙ ሞልቷል። በዋናው መንገድ እንዳንዞር ያን ሳምንት መኪና የሚባል አይንቀሳቀስም ነበር። ወንዙ እስኪጎድል ሁለት ቀን ዳውድ ቤት ቆየች። ሰውዳ ያንን ሁሉ ሰዓት ከአጠገቧ አልተለየችም፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ከወዲህ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር። በማግሥቱ ተቀበረች ያልኩሽ ውሸት ነው። መምጣት ላልቻለ ልጅ ይህን መንገር ምን ይፈይዳል ብለን ተማክረን ነው። ዳውድም ሲሚንቶውን የሰጠው ለዚህ ነው፤ እኔም የቸኮልኩት ለዚህ ነው።

ሰውዳ ተናግራ ስትቀመጥ አልቃሿ ከአፏ ተቀበለች፤

«ቤቴን የሞላችው እንግዳዬ ሸጋ፣
ማዶ ሰው ቆሞላት እኔ ዘንድ ነጋ።»

ሴቶቹ በአዊኛ ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ ያ ድንኳን የቀልድ ድንኳን አልነበረም። እኔ እኅቴን ያን ቀን ነው ያለቀስኳት። የክልሉ ሰውዬም መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ አይቻለሁ። ከተነሣ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ «ድርሻችሁን አስገቡ፤ በማግሥቱ የክልሉን እፈርማለሁ» አለ። አየሽ፤ እንባው ወርዶ እንኳ እናንተ ቅደሙ ነው ያለው። በጀት የለመደ ሰው ልቡ ቢነካም እጁ አይቀድምም።

የጎደለውን ከየት እንሙላ እያልን ስንጨነቅ ዳውድ ሙሉነሽን ሊያጽናና እንደሚመጣ ሰው ብር በጨርቅ ቋጥሮ መጣ። «ሰርክአዲስ ለአርባዎ ልካለች» አለኝ። ገንዘቡን ሳየው በጣም ተናደድኩ ልጄ። በቁሜ ስለምንሽ ያልላክሽውን ለሬሳዬ ላክሽው። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ እኔም ሟች ነኝ ሳልል የሟች ገንዘብ በእጄ ገብቷል። ሙሉነሽ መልስላት አለችኝ። ሰኔ ሠላሳ ደጅ ላይ ቆሟል። ሳልጠይቅሽ ወስኜ አስገባሁት። ጎዶሎው ሞላ። ክልሉ ፈረመ። ፌዴራሉም፣ ማንም ሳያየው፣ ለቀቀ። ውሉ በዓመቱ መጨረሻ ቀን ተፈረመ። ሥራው ዝናቡ ሲያባራ ጥቅምት ላይ ይጀመራል ብለዋል። አምናቸዋለሁ አልልሽም፤ ግን ገንዘቡ አልተመለሰም።

ዘንድሮ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። የእናትሽን ዓመት እኛ ከወዲህ፣ ዳውድና ሰውዳ ከወዲያ ሆነን እናወጣዋለን፤ ዳቦውን ወንዙ ሲጎድል እናቀብላቸዋለን።

የመምጫሽን ገንዘብ በልቼብሻለሁ፤ አሁን የምመልሰው የለኝም። ሥራሽም እንደቆመ አንብቤያለሁ፤ ሳነበው ያንን የጀርመን ምክር ቤት ድንኳን ስር አስቀምጬ ንፍሮ ባስጨበጥኩት ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ሥራ ይስጥሽ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። ተዝካሬን ከነሙሉ ድግሱ ከፍለሻል፤ ስሞት ምንም እንዳትልኪ። አንዴ ስለተለቀሰልኝ ሁለተኛ የሚመጣልኝም ያለ አይመስለኝም። በጀትሽ ሲሞላ፣ ቢዘገይም፣ እኔ ሳለሁ ነይ፤ እናትሽን ያስቀረውን ወንዝ በእግርሽ ተሻገሪው።

በሕይወት ያለው አጎትሽ ውቤ